የፒክአፕ ሞተር ሚስ ሲያደርግ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከደጀን እስከ ዳንግላ በየጋራዡ ደጃፍ አሽከርካሪዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፤ ከቀላሉ ወደ ከባዱ ተደርድረዋል።

ሞተር ሚስ አደረገ ሲባል ምን ማለት ነው?

ባለአራት ሲሊንደር ሞተር አራቱም ፒስቶኖች ተራቸውን ጠብቀው ሲተኩሱ ድምፁ እኩል ይሆናል። ከአራቱ አንዱ ተራው ደርሶ ሳይተኩስ ሲቀር ወይም ግማሽ በግማሽ ሲተኩስ ሞተሩ ሚስ አደረገ ይባላል። ከጥማዱ አንዱ በሬ ሲለግም ሞፈሩ እንደሚንገዳገድ ሁሉ፣ መኪናውም ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር ሲሠራ) ቆሞ ይንቀጠቀጣል፤ የማርሚታው ድምፅ ይቆራረጣል፤ ዳገት ላይ ጉልበት ያጣል፤ ነዳጅም ከወትሮው ይበላል።

የቤንዚን ሞተር ለመተኮስ ሦስት ነገር ይፈልጋል፦ በልክ የተደባለቀ አየርና ቤንዚን፣ በቂ ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ ውስጥ የሚፈጠር እመቃ) እንዲሁም በሰዓቱ የደረሰ የካንዴላ ብልጭታ። የናፍጣ ሞተር ብልጭታ አያስፈልገውም፤ የታመቀው አየር ራሱ ግሎ ናፍጣውን ያነደዋል። ስለዚህ ናፍጣ ላይ የሚታዩት ኮምፕሬሽኑና የኢንጀክተሩ ርጭት ናቸው። ከዚህ በታች የሚነሳው ችግር ሁሉ ከእነዚህ የአንዱ መጉደል ነው። የትኛው እንደጎደለ ሳይለዩ ዕቃ መግዛት ገንዘብ መበተን ነው።

መንቀጥቀጡ ሚስ ይሁን ሌላ ነገር በምን እለያለሁ?

መኪናውን አቁመው ማርሹን ዜሮ ላይ ያድርጉና ሞተሩን ያዳምጡ። ቆሞም የሚንቀጠቀጥና ድምፁ የሚቆራረጥ ከሆነ ጉዳዩ የሞተር ነው። ቆሞ ጸጥ ብሎ በ80 ወይም በ90 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ላይ ብቻ መሪው የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ወደ ጎማ ሚዛን ይሂዱ። ሲነሳ ብቻ፣ ፍሪሲዮኑ ሲለቀቅ የሚንገጫገጭ ከሆነ ፍሪሲዮኑን ያስመርምሩ።

አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። የሞተር መቀመጫ ጎማው ካረጀ ጤነኛ ሞተርም ጋቢናውን ያንቀጠቅጣል። መለያው ማርሚታው ነው፤ እጅዎን ከጭስ መውጫው ጥቂት ራቅ አድርገው ይያዙ። ጭሱ እኩል የሚገፋ ከሆነ ሞተሩ አልሳተም፤ በመሃል እየዘለለ የሚተነፍስ ከሆነ ሚስ አለ።

ሚስ እያደረገ መንዳት እችላለሁ?

እስከሚቀጥለው ከተማ ቀስ ብሎ መድረስ ይቻላል፤ ሳምንት ሙሉ ጭነት መጫን ግን አይቻልም። በሲሊንደሩ ውስጥ ያልነደደው ቤንዚን ሁለት ቦታ ይሄዳል። ከፊሉ የሲሊንደሩን ግድግዳ ዘይት አጥቦ ወደ ሞተር ዘይቱ ይወርድና ያቀጥነዋል። ከፊሉ ወደ ጭስ መውጫው ሄዶ እዚያ ይነዳል፤ ካታሊቲክ (ጭስ መውጫው ላይ ያለው የጭስ ማጽጃ) ያለው መኪና ከሆነ ካታሊቲኩን ያቀልጠዋል። የዘይት መለኪያ ዘንጉን አውጥተው ሲያሸቱት ቤንዚን ቤንዚን የሚል ከሆነ ከጥገናው በኋላ ዘይቱም መቀየር አለበት።

በአዳዲሶቹ መኪኖች የሞተር መብራቱ ዝም ብሎ ከበራ ጥፋት ተመዝግቧል ማለት ነው። ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ግን ካታሊቲኩን የሚያበላሽ ሚስ በዚያች ሰዓት እየተፈጠረ ነው፤ እግርዎን ከነዳጅ መስጫው ያንሱና በቅርቡ ይቁሙ። ከደጀን የአባይን ቁልቁለት ለመውረድ አስበው ከነበረ ደግሞ ሞተሩ ሳይስተካከል አይውረዱ። ቁልቁለት ላይ ሞተር ቢጠፋ መሪው ይከብዳል፤ ፍሬኑም ጥቂት ጊዜ ከተረገጠ በኋላ ረዳት ኃይሉን ያጣል።

ከአራቱ የትኛው ሲሊንደር እንደሞተ ያለ ኮምፒውተር ማወቅ ይቻላል?

ይቻላል። ለዚህ ኮምፒውተር የሚያስፈልጋቸው አንዳንድ መኪኖች ብቻ ናቸው። ባለኢንጀክሽን የቤንዚን ሞተር ላይ ሞተሩ ሚኒሞ ላይ እየሠራ የኢንጀክተሮቹን የኤሌክትሪክ ሶኬት አንድ በአንድ ይንቀሉና መልሰው ይሰኩ። ጤነኛውን ሲነቅሉ ድምፁ ይበላሻል፤ ሞተሩ ሊጠፋ ይደርሳል። የሞተውን ሲነቅሉ ምንም ለውጥ አይሰማም። ብዙ ሰው የሚነቅለው የኮይሉን (ለካንዴላው እሳት የሚሰጠውን ዕቃ) ሶኬት ነው፤ የኢንጀክተሩ ይሻላል፤ ቤንዚኑም አብሮ ስለሚቆም ያልነደደ ቤንዚን ወደ ጭስ መውጫው አይፈስም።

ካርቡራተር (ቤንዚንና አየር ደባላቂ) እና ዲስትሪቡተር (እሳቱን ለካንዴላዎቹ በተራ የሚያከፋፍል) ያለው አሮጌ ፒክአፕ ላይ ሥራው የካንዴላ ገመዶቹን አንድ በአንድ መንቀል ነው። ሞተሩ እየሠራ በባዶ እጅ ገመድ መንቀል ግን ክፉኛ ያስደነግጣል፤ ኮይሉንም ይጎዳል። ሞተሩን አጥፍተው አንዱን ገመድ ይንቀሉ፤ ጫፉ ላይ ትርፍ ካንዴላ ሰክተው የካንዴላውን ብረት ከሞተሩ ብረት ጋር አጥብቀው ያስነኩት፤ ከዚያ አስነስተው ያዳምጡ።

ሌላም ዘዴ አለ፤ መሣሪያ አይፈልግም። ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ቀዝቅዞ ሳለ ያስነሱትና ከአንድ ደቂቃ ገደማ በኋላ በአራቱ የጭስ መውጫ ቱቦዎች መነሻ ላይ የውሃ ጠብታ ጣል ጣል ያድርጉ። ሦስቱ ላይ ውሃው ጭስስ ብሎ ይተናል፤ አንዱ ላይ ዝም ብሎ ከፈሰሰ የሞተው እሱ ነው።

ካንዴላውን አውጥቼ ምን ልይ?

ካንዴላ ማንበብ የሚችል ሰው ግማሹን ምርመራ ጨርሷል። ሞተሩ ይቀዝቅዝ፤ በትኩሱ መንቀል የአሉሚኒየም ቴስታታውን (የሞተሩን የላይኛ ክፍል) ጥርስ ይልጣል። ከመንቀልዎ በፊት ዙሪያውን ያለውን አቧራ በአየር ያስነፉ፤ የደረቅ ወቅት ኮሮኮንች ካንዴላው ጉድጓድ ውስጥ የሚያከማቸው አቧራ ቀላል አይደለም፤ ወደ ውስጥ ከገባ ሲሊንደሩን ይፍቃል። አራቱን ካርቶን ላይ በተራ ያስቀምጡ፤ በራዲያተሩ በኩል ካለው አንደኛ ሲሊንደር ጀምረው ቁጥር ይጻፉባቸው። ደባልቆ ሳህን ላይ የጣላቸው መካኒክ መረጃውን ጣለው።

ጫፉ ቀለል ያለ ቡናማ ወይም ግራጫ ከሆነ ያ ሲሊንደር ደህና ነው። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ከለበሰ ቤንዚኑ በዝቷል ወይም አየሩ አንሷል፤ አየር ማጣሪያው ታፍኖ ሊሆን ይችላል። በቤንዚን ከራሰ ቤንዚኑ ደርሷል፤ ብልጭታው ግን የለም። ጥቁርና ቅባታማ ከሆነ ዘይት ይገባበታል፤ ምንጩ የቫልቭ ማኅተም ወይም የፒስቶን ሪንግ ነው። ነጭ ሆኖ የተቃጠለ የሚመስል ከሆነ ሲሊንደሩ ከልክ በላይ ግሏል፤ ቤንዚን አንሶት ወይም ያለ ልክ አየር እየገባበት ነው።

ከሁሉም የሚያስፈራው ከሌሎቹ ተለይቶ አዲስ የመሰለው፣ ታጥቦ የወጣ የሚመስለው ካንዴላ ነው። ባለቤቱ «ይሄኛውስ ንጹህ ነው» ብሎ ይደሰታል። አብዛኛውን ጊዜ ያጸዳው ከራዲያተሩ ሾልኮ ሲሊንደር ውስጥ የገባ ውሃ፣ እንፋሎት ሆኖ ነው። የቴስታታ ጋስኬት (በቴስታታውና በሞተሩ አካል መካከል ያለው ማሸጊያ) ጉዳይ ስለሆነ ከታች እንመለስበታለን።

ካንዴላ በየስንት ኪሎ ሜትር ይቀየራል? ክፍተቱስ?

ተራ የኒኬል ካንዴላ ከ20,000 እስከ 40,000 ኪሎ ሜትር ያገለግላል፤ ኢሪዲየሙ እስከ 100,000 ሊደርስ ይችላል። ክፍተቱ አሮጌዎቹ ካርቡራተር ሞተሮች ላይ ብዙውን ጊዜ 0.8 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፤ አዳዲሶቹ ላይ 1.0 ወይም 1.1 ይደርሳል። ትክክለኛው ቁጥር የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ወይም ከኮፈኑ ሥር የተለጠፈው ወረቀት ላይ አለ። የኢሪዲየምን ክፍተት በጉጠት ለማስተካከል አይሞክሩ፤ ቀጭኗ ጫፍ ትሰበራለች።

ስለ አስመሳይ ዕቃ ብዙ ሰው ይጠይቃል። አብዛኛው መለዋወጫ የሚመጣው ከአዲስ አበባ ሱማሌ ተራ ነው፤ ኦሪጅናሉም ኮፒውም ከዚያው ይጫናል። የካንዴላው ጥርስ ሸካራ ከሆነ፣ ጽሑፉ በጥፍር የሚላጥ ከሆነ፣ የአራቱ ክፍተት ከአንዱ አንዱ የሚለያይ ከሆነ አይግዙት። ሲያስገቡ ጥርሱ እስኪያልቅ በእጅ ያዙሩት፤ አዲስ ካንዴላ ከተቀመጠ በኋላ ግማሽ ዙር ያህል በቁልፍ ማጥበቅ ይበቃዋል።

ካንዴላ ቀየርኩ፤ ሚሱ ግን አልጠፋም። ቀጥሎ ምን ልግዛ?

ምንም አይግዙ። እያንዳንዱ ካንዴላ ላይ የራሱ ኮይል የተቀመጠበት መኪና ከሆነ፣ የሞተውን ሲሊንደር ኮይል ከጤነኛው ጋር ያቀያይሩ። ሁለተኛው ሞቶ ከነበረና ኮይሉን ወደ ሦስተኛው ሲወስዱት ሚሱ ወደ ሦስተኛው ከሄደ ጥፋተኛው ኮይሉ ነው፤ አንድ ኮይል ብቻ ይገዛሉ። ሚሱ ከቦታው ካልተንቀሳቀሰ ኮይሉ ንጹህ ነው። ቀጥለው ካንዴላውን፣ ከዚያ ኢንጀክተሩን በዚሁ መንገድ ያዟዙሩ። ማቀያየር ምንም ገንዘብ አያስወጣም፤ ያም ሆኖ አራት ኮይል በአንድ ጊዜ ሲሸጥ ማየት የተለመደ ነው።

ገመድ ያለው ሞተር ላይ የዲስትሪቡተሩን ክዳን ከፍተው ውስጡን በፀሐይ ብርሃን ይመልከቱ። ፀጉር የመሰለ ጥቁር መስመር ካለ ክዳኑ ተሰንጥቆ እሳቱ በዚያ ይሾልካል። የገመዱን የመቋቋም አቅም በመልቲሜትር ይለኩ፤ ቶዮታ ለአሮጌዎቹ ሞተሮቹ ያስቀመጠው ጣሪያ 25 ኪሎ ኦም ነው፤ ከዚያ ከበለጠ ገመዱ ይቀየር።

ገመዶቹ ተነቅለው ከነበረ ደግሞ የተመለሱበትን ቅደም ተከተል ያረጋግጡ። የአብዛኞቹ ባለአራት ሲሊንደር ሞተሮች የመተኮሻ ተራ 1-3-4-2 ነው። ካንዴላ ለመቀየር ገብቶ ሚስ ይዞ የወጣ መኪና ብዙውን ጊዜ ገመዱ የተዛወረበት ነው።

ክረምት ላይ ወይም ላቫጆ ካሳጠብኩ በኋላ ለምን ይጀምረዋል?

ያረጀ ገመድ ወይም የተሰነጠቀ የኮይል ጎማ በደረቅ ቀን ይሠራል፤ እርጥበት ሲያገኘው እሳቱ ወደ ካንዴላው በመሄድ ፈንታ በእርጥበቱ አቋርጦ ወደ ሞተሩ ብረት ይዘላል። እንጅባራና አካባቢዋ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጠዋት ጠዋት የሚነሳው ቅሬታ አብዛኛው ይኸው ነው። ማታ በጨለማ ኮፈኑን ከፍተው፣ ሞተሩ እየሠራ በሚረጭ ጠርሙስ ደቃቅ ውሃ ገመዶቹ ላይ ረጨት ያድርጉ፤ እሳት የሚሾልክበት ቦታ ሰማያዊ ብልጭታ ሆኖ ይታያል። እጅዎን ግን አያስገቡ።

ላቫጆ ላይ ሞተሩ በከፍተኛ ግፊት ከታጠበ ውሃው የካንዴላው ጉድጓድ ውስጥ ይቀመጣል። ኮይሎቹን አውጥቶ ጉድጓዱን በአየር ማድረቅ ብዙውን ጊዜ ይበቃል።

ነዳጅ ከቀዳሁ በኋላ ነው የጀመረው። ነዳጁ ይሆን?

በጄሪካን የተገዛ ከሆነ ጥርጣሬዎ ተገቢ ነው። ማደያ ላይ ሲጠፋ በየመንገዱ ዳር በፕላስቲክ ጠርሙስ የሚሸጠው ቤንዚን ውስጥ ውሃም ነጭ ጋዝም ሊኖር ይችላል። ከታንኩ ትንሽ ቀድተው በሚያስተላልፍ የመስታወት ጠርሙስ ያስቀምጡ፤ ውሃ ካለው ታች ተለይቶ ይዘቅጣል። ነጭ ጋዝ እንዳለው ለማወቅ ደግሞ ነጭ ወረቀት ላይ ጠብ አድርገው ይመልከቱ፦ ንጹህ ቤንዚን ቶሎ ተኖ እምብዛም ምልክት አይተውም፤ ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ቅባታማ ክብ ትቶ ይቆያል። ከእሳትና ከሲጋራ ርቀው ያድርጉት።

ውሃ ከተገኘ «እየነዳሁ ይለቅ» አይባልም፤ ታንኩ ውስጥ ያለው ነዳጅ ሁሉ ይፈስሳል፤ ማጣሪያው ይቀየራል። የናፍጣ ፒክአፕ ከሆነ ከናፍጣ ማጣሪያው ሥር ያለውን የውሃ ማፍሰሻ ይክፈቱና ንጹህ ናፍጣ እስኪወርድ ያፍስሱ፤ ክረምት ላይ ይህን ልማድ ማድረግ ብዙ ወጪ ያድናል። በስህተት ናፍጣ መኪና ውስጥ ቤንዚን ከተቀዳ ግን ቁልፉን እንኳ አይክፈቱ፤ ፓምፓውና ኢንጀክተሮቹ የሚለሰልሱት በናፍጣው ነው።

ሜዳ ላይ ደህና ነው፤ ከአባይ ድልድይ ወደ ደጀን ስወጣ ብቻ ሚስ ያደርጋል። ለምን?

ይህን ጥያቄ እወደዋለሁ፤ ዳገቱ ራሱ መርማሪ ነውና። ከድልድዩ እስከ ደጀን ከ1,000 ሜትር በላይ ወደ ላይ ነው የሚወጣው፤ መኪናው ጤፍ ወይም ሲሚንቶ ከጫነ ነዳጅ መስጫው እንደተረገጠ ይቆያል። ነዳጅ መስጫው ሲረገጥ ሲሊንደሩ ውስጥ የሚገባው አየር ይበዛል፤ ግፊቱ ይጨምራል። ግፊቱ በጨመረ ቁጥር ብልጭታዋ ክፍተቱን ለመዝለል ከፍ ያለ ቮልቴጅ ትፈልጋለች። ሜዳ ላይ እንደ ምንም የሚሠራ ደካማ ኮይል፣ ክፍተቱ የሰፋ ካንዴላ ወይም ያረጀ ገመድ እዚህ ላይ ይጋለጣል።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ የነዳጅ እጥረት ነው። የታፈነ ማጣሪያ ሚኒሞ ላይ የሚበቃ ነዳጅ ያሳልፋል፤ ዳገት ላይ የሚያስፈልገውን ግን አያሳልፍም። ሁለቱን በስሜት መለየት ይቻላል። የእሳት ችግር ድንገተኛና ስል ነው፤ መኪናው ይነጥቃል፣ ይለቃል። የነዳጅ እጥረት ቀስ እያለ የሚያፍን ነው፤ እግርዎን ሲያነሱ ጥቂት ያገግማል፤ መልሰው ሲረግጡ ያው ነው።

ካርቡራተር ላላቸው አሮጌዎቹ ፒክአፖች ሦስተኛ ነገር አለ። በረሃው ውስጥ ሙቀቱ ሲበረታ ቤንዚኑ ቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይሆንና ፓምፑ መግፋት ያቅተዋል። ጥላ ፈልገው ኮፈኑን ከፍተው ያሳርፉት፤ ቱቦው ላይ እርጥብ ጨርቅ መጠቅለልም ይረዳል። ላይ ሲደርሱ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፦ አየሩ ስለሚሳሳ ቆላ ላይ በልኩ የነበረው ካርቡራተር ደጋ ላይ ቤንዚን ያበዛል፤ ጥቁር ጭስ ያወጣል። ባለኢንጀክሽኑ ሞተር የአየሩን መሳሳት በሴንሰር ለክቶ ራሱ ያስተካክላል፤ እሱ ከፍታ ለወጠው ተብሎ አይነካካም።

የእኔ ናፍጣ ነው፤ ካንዴላ የለውም። በምን ይመረመራል?

መጀመሪያ የትኛው ዓይነት እንደሆነ ይለዩ። አሮጌዎቹ የሃይሉክስ ናፍጣ ሞተሮች፣ ቱኤል፣ ስሪኤልና ፋይቭኤል የሚባሉት፣ ተራ ፓምፓ ያላቸው ናቸው። እነዚህ ላይ ሞተሩ ሚኒሞ ላይ እየሠራ የኢንጀክተሩን ቱቦ ማሰሪያ በቁልፍ ትንሽ ፈታ አድርጎ ማጥበቅ ይቻላል፤ ሲፈታ ድምፁ ያልተለወጠው ሲሊንደር የሞተው ነው። መነጽርና ጓንት ያድርጉ።

ቱኬዲ፣ ዋንኬዲና ከዚያ በኋላ የመጡት ኮመን ሬይል (ናፍጣው በከፍተኛ ግፊት በአንድ የጋራ ቱቦ የሚከማችባቸው) ሞተሮች ላይ ይህን ፈጽሞ አያድርጉ። ቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት ከ1,000 ባር በላይ ይደርሳል፤ የሚያመልጠው ናፍጣ ቆዳ በስቶ ይገባል፤ የገባበት እጅ አስቸኳይ ቀዶ ሕክምና ይሻል። ቁስሉ መርፌ የወጋው ያህል ትንሽ ስለሚመስል ሰው ይንቀዋል፤ አይናቅ። እነዚህ ሞተሮች በኮምፒውተር የእያንዳንዱን ኢንጀክተር ማስተካከያ መጠን በማየትና የኢንጀክተሮቹን መላሽ ናፍጣ በጠርሙስ በመለካት ይመረመራሉ። መላሹ ከሌሎቹ የበዛው ኢንጀክተር አልቋል። ኢንጀክተር ሲቀየር ብዙዎቹ ሞተሮች የአዲሱን ኮድ ኮምፒውተሩ ውስጥ ማስገባት ይፈልጋሉ፤ ሳይገባ ከቀረ አዲሱም ያንኳኳል።

ጠዋት ብቻ ነጭ ጭስ እያወጣ፣ ጭሱ ናፍጣ ናፍጣ እየሸተተ ሚስ ካደረገና ሲሞቅ ከተስተካከለ ማሞቂያ ካንዴላዎቹን ያስለኩ። ደብረ ማርቆስ በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ አንዷ እንኳ ከሞተች ያስታውቃል። ማጣሪያ ከተቀየረ በኋላ የጀመረ ከሆነ ደግሞ አየር ገብቷል፤ ማጣሪያው ላይ ያለውን የእጅ ፓምፕ እስኪጠነክር በመጫን አየሩን ያስወጡ።

ኮምፒውተር ላይ ታስሮ ፒ0300 ወይም ፒ0302 አለ። የትኛው ዕቃ ተበላሸ ማለት ነው?

ኮዱ ዕቃ አይጠራም። ፒ0301 እስከ ፒ0304 የሚስ ሲሊንደሩን ቁጥር ይናገራሉ፤ ፒ0302 ማለት ሁለተኛው ሲሊንደር ስቷል ማለት ብቻ ነው። ለምን እንደሳተ የሚነግርዎ ከላይ ያለው የማቀያየር ሥራ ነው። ፒ0300 ሚሱ በአንድ ሲሊንደር እንዳልተወሰነ ያሳያል፤ ስለዚህ አራቱንም የሚነካ ነገር ይፈለጋል፦ የነዳጅ ግፊት፣ ያለ ልክ የሚገባ አየር፣ የተበላሸ ነዳጅ፣ ታይሚንግ (የቫልቮቹና የፒስቶኖቹ መገጣጠም)።

ኮዱን ከማስጠፋትዎ በፊት ያስጽፉት። አጥፍቶ ብቻ «ተሠርቷል» ብሎ የሚያስከፍል አለ፤ መብራቱ ሰሞኑን ይመለሳል።

መካኒኩ ኮምፕሬሽን ለክቶ «ሞተሩ አልቋል፤ ይውረድ» አለኝ። ልመን?

ሁለት ነገር ሳይጠይቁ አይመኑ። የመጀመሪያው፣ መጽሐፉ ላይ ያለው ቁጥር በባሕር ጠለል ላይ የተለካ መሆኑ ነው። ደብረ ማርቆስ 2,450 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ እዚያ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሩብ ያህል ያንሳል። ሲሊንደሩ የሚያምቀው አየር ከመጀመሪያውም ሩብ ያህል ጎድሎ ስለገባ፣ የመለኪያው ንባብም ሩብ ያህል ይወርዳል። መጽሐፉ 170 ፒኤስአይ የሚለው ጤነኛ ሞተር ደብረ ማርቆስ ላይ ከ130 በታች ሊያነብ ይችላል። ባሕር ዳር ወደ 1,800 ሜትር ስለሆነች ጉድለቱ ከአምስት አንድ እጅ አይበልጥም። በዚህ ብቻ ተፈርዶበት የወረደ ሞተር ያሳዝናል።

ሁለተኛው፣ አራቱ እርስ በርስ እንዴት ናቸው? ሁሉም ተቀራራቢ ከሆኑና ልዩነታቸው ከ10 በመቶ ካላለፈ የሚሱ ምክንያት ኮምፕሬሽን አይደለም። አንዱ ብቻ ተለይቶ ከወደቀ ግን ጉዳይ አለ። በዚያ ሲሊንደር የካንዴላ ቀዳዳ አንድ የሾርባ ማንኪያ ያህል የሞተር ዘይት ጨምረው እንደገና ያስለኩ። ከፍ ካለ የሚያሾልከው ሪንጉ ነው፤ ካልተለወጠ ቫልቩ ወይም ጋስኬቱ ነው። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አንድ ላይ ከወደቁ በመካከላቸው ጋስኬቱ ተበጥሷል ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው። የዘይቱ ሙከራ ለቤንዚን ሞተር ነው፤ የናፍጣ ሲሊንደር ውስጥ ዘይት አይጨመርም፤ ሊነድ ወይም ሞተሩን ሊያቆልፍ ይችላል።

ሲለካ ሞተሩ የሞቀ፣ አራቱም ካንዴላዎች የወጡ፣ ነዳጅ መስጫው እስከ መጨረሻው የተረገጠ፣ ባትሪው ሙሉ መሆን አለበት። በደከመ ባትሪና በተኛ ሞተሪኖ (ሞተር ማስነሻ) የተለካ ኮምፕሬሽን ዋጋ የለውም።

ጠዋት ሲነሳ ጥቂት ሚስ ያደርግና ይስተካከላል፤ የራዲያተሩም ውሃ ይቀንሳል። ይገናኛሉ?

ይገናኛሉ። ሌሊቱን የራዲያተሩ ግፊት በተጎዳው ጋስኬት በኩል ጥቂት ውሃ ወደ ሲሊንደሩ ያስገባል፤ ጠዋት ያ ሲሊንደር ውሃውን እስኪያወጣ ይስታል፤ ነጭ እንፋሎትም ይታያል። ካንዴላው ታጥቦ የሚወጣው ያኔ ነው። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ የራዲያተሩን ክዳን ከፍተው ያስነሱት፤ የማያቋርጥ አረፋ ከወጣ የሲሊንደሩ ጋዝ ወደ ውሃው እየገባ ነው። ትኩስ ራዲያተር ግን አይከፈትም።

ብዙውን ጊዜ መነሻው አንድ ቀን ዳገት ላይ የፈላ ሞተር ነው። ደጋ ላይ ውሃ ቀድሞ ይፈላል፤ ደብረ ማርቆስ ላይ ክፍት ድስት በ92 ዲግሪ አካባቢ ይንተከተካል። ሞተሩን የሚያድነው የራዲያተሩ ክዳን አምቆ የሚይዘው ግፊት ነው። ስፕሪንጉ የላላ ክዳን ርካሽ ዕቃ ነው፤ የሚያበላሸው ቴስታታ ግን ርካሽ አይደለም። ቴስታታው ከወረደ በኋላ ጋስኬት ብቻ ቀይሮ መመለስ አይበቃም፤ ተጣሞ እንደሆነ ቀጥ ባለ ብረት ይለካል፤ ተጣሞ ከተገኘ ይላጋል።

ሁሉም ተቀይሯል፤ ሚሱ ግን ይመጣል ይሄዳል። ምን ቀረ?

የሚመጣና የሚሄድ ሚስ ሲመጣ ሁኔታውን መዝግቡ፦ ቀዝቃዛ ነበር ወይስ ሙቅ፣ ሚኒሞ ላይ ወይስ ዳገት ላይ፣ ጉድጓድ ሲመታ ወይስ ዝም ብሎ። ሚኒሞ ላይ ብቻ ሆኖ ነዳጅ ሲሰጠው የሚጠፋ ከሆነ አየር እየሳበ ነው፤ የመግቢያ ቱቦዎቹን መጋጠሚያዎችና የፍሬን ማገዣውን ላስቲክ ይፈትሹ። የካርቡራተር ማጽጃ መጋጠሚያው ላይ ጥቂት ሲረጭ ድምፁ ከተለወጠ ቀዳዳው እዚያ ነው፤ ማጽጃው እሳት ስለሚይዝ ትኩስ ማርሚታና ብልጭታ አጠገብ አይረጭም። ሲሞቅ ብቻ ከሆነ የቫልቭ ክፍተት ጠብቦ ቫልቩ ሙሉ በሙሉ አለመዘጋቱን ያስለኩ። ጉድጓድ ሲመታ ብቻ ከሆነ የላላ ሶኬት ወይም የባትሪው ኔጋቲቭ ከሞተሩ ጋር የሚገናኝበት ማሰሪያ ነው፤ ያንን ፈትቶ ፍቆ መልሶ ማሰር የማንም አቅም ነው።

የታይሚንግ ቺንጋ ያላቸው ሞተሮች ቺንጋቸው አንድ ጥርስ ከዘለለ አራቱም ይዳከማሉ፤ ኮዱም ኮምፕሬሽኑም ግራ ያጋባል። ቺንጋው መቼ እንደተቀየረ የማይታወቅ ከሆነ መፍትሔው ከፍቶ ምልክቶቹ መገጣጠማቸውን ማየት ነው።

እህል ጎተራ አጠገብ ለሚያድር ፒክአፕ ደግሞ የመጨረሻ ጥያቄ አለኝ፦ አይጥ አለ? አይጥ የሞተሩን ሙቀት ፈልጋ ትገባለች፤ የኢንጀክተርና የሴንሰር ሽቦዎችን ትቆረጥማለች። ግማሽ የተበላ ሽቦ ዛሬ ይነካል፣ ነገ ይለቃል፤ ማንኛውም ዕቃ ቢቀየር አይድንም። በአየር ማጣሪያው ቤት ውስጥና በመግቢያው ቱቦ ሥር ጭድ፣ ፍግ ወይም የተላጠ ሽቦ ካገኙ ሽቦውን በፕላስተር ብቻ ጠቅልለው አይተዉት፤ በመዳብ መጋጠሚያ ወይም በብየዳ ተቀጥሎ በሙቀት የሚጨማደድ ላስቲክ ይልበስ።